ፔፕታይድና የስድስት ሰዓት ፀሐይ

አክስቴ ከብሔራዊ ቴአትር ወረድ ብሎ የእግረኛ መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ትሸጣለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሸራዋን ዘርግታ መጻሕፍቷን ትደረድራለች፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚያው ናት። ጉንጮቿ ላይ ማድያት ከወጣ አራት ዓመት አለፈው። ባለፈው ወር ፒያሳ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ይዣት ገባሁ። ሻጯ ልጅ ከመስታወቱ ጀርባ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና «ማዘር፣ ይቺ ፔፕታይድ ናት። ፀሐይ አታስነካዎትም» አለቻት። ዋጋዋ የአክስቴን የሁለት ቀን ገቢ ትበላለች። አክስቴ ወደኔ ዞራ «አንተ ይሄን ነገር ተምረህ የለ? እውነቷን ነው?» አለችኝ።

እውነቷንም ነው፣ አይደለምም። ሱቁ መሀል ቆሜ ይህን ላስረዳት አልቻልኩም፤ ጠርሙሷን ሳንገዛ ወጣን። እዚህ የምጽፈው ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት መጻሕፍቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የነገርኳትን ነው።

መጀመሪያ ስለ ፀሐይዋ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ተንኮለኛ ናት። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ማንም አይፈራትም። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አይታይም፣ ሲያርፍብንም አይሞቅም፤ የሚሞቀን ሌላው ጨረር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ይሳሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላል። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ የምንርቀው በ9 ዲግሪ ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት፣ ፀሐይ በትክክል በአናታችን ታልፋለች። የነሐሴዋን ደመና ይሸፍናታል፤ የሚያዝያዋ ግን ያለ ምንም ከልካይ ነው የምትወርደው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ መሀል ሰማይ የምትደርሰው ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ተጠግታ ነው፤ የሰዓታችን ልክ የተወሰደው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለ መስመር ነውና። «ስድስት ሰዓት አለፈ፣ አሁንስ በረደች» ብሎ ጃንጥላ የሚያጥፍ ሰው ገና ከዋናው አልወጣም። ከሰዓት ይልቅ ጥላን ማየት ይሻላል፦ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጨረሩ ከባድ ነው።

ጨረሩ በሞገዱ ርዝመት ይከፈላል። ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው ዩቪቢ፣ ከ315 እስከ 400 ያለው ዩቪኤ ይባላል። ከእነዚህ ያጠረውን ኦዞን ጨርሶ ያስቀርልናል። ዩቪቢ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን እምብዛም ሳያልፍ ጉልበቱን እዚያው ያራግፋል። ዩቪኤ ግን ጠልቆ ይገባል፤ መስታወትም አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል የዋለው የፊቱ ግራ ጎን ተሸብሽቦና ወፍሮ፣ የቀኙ ጎን አባት ይመስላል። የከተማችን ሹፌሮች ይህን ፎቶ ቢያዩት እላለሁ፤ መሪያቸው በግራ ነው።

ጉዳቱን ለአክስቴ በመጽሐፍ ነው ያስረዳኋት። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ አለ፤ ዲኤንኤ ይባላል። ዩቪቢ ሲያርፍበት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ይህ ወዲያው ገባት፤ እርጥበት የነካው ብራና ላይ የሁለት ፊደል ቀለም ተዋሕዶ አይታ ታውቃለች። ሴሉ ሊከፈል ሲል መጽሐፉን የሚገለብጠው ቁም ጸሐፊ እዚያ ቦታ ሲደርስ ወይ ይቆማል፣ ወይ በግምት ይጽፋል። በግምት የተጻፈው ስሕተት ከሆነ ከዚያ ሴል የሚወለዱት ሁሉ ይወርሱታል። ስሕተቱ የሴሉን መራባት በሚቆጣጠረው ምዕራፍ ላይ ከወደቀ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ሴሉም ዝም ብሎ አያይም። ቁም ጸሐፊ የተሳሳተውን ቃል በስለት ፍቆ እንደገና እንደሚጽፍ፣ የጥገና ኢንዛይሞች የተጣበቁትን ፊደላት ከነጎረቤቶቻቸው፣ 30 ያህል ፊደል፣ ቆርጠው ያወጡና ከትይዩው ክር እያዩ ይሞሉታል። ይህ ፍቀት በውልደት የጎደላቸው ሰዎች አሉ። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባለው በሽታ ያለባቸው ልጆች የቆዳ ካንሰር የሚያገኛቸው ገና በልጅነታቸው ነው። ጥገናው ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራልን የሚታወቀው ከእነሱ ነው።

ዩቪኤ አመጣጡ ሌላ ነው። ፊደል ከማጣበቅ ይልቅ ኦክስጅንን ያስቆጣል። የተቆጣ ኦክስጅን ኤሌክትሮን ፍለጋ ከፊቱ ካገኘው ሁሉ ይነጥቃል፦ ከሴሉ ቅባት፣ ከፕሮቲኑ፣ ከዲኤንኤው። በዚህ ግርግር መሀል ኮላጅን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይቀሰቀሳሉ። ኮላጅን በሦስት ፈትል የተገመደ ገመድ ነው፤ ቆዳችንን ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። ሲበጣጠስ ቆዳው ይረግባል።

እንግዲህ ፔፕታይድ። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ በሚባሉ 20 ዓይነት ፍሬዎች የተሰካ ረጅም መቁጠሪያ ነው። መቁጠሪያው ተበጥሶ ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር ፍሬ ያለው ቁራጭ ሲቀር ያ ቁራጭ ፔፕታይድ ይባላል። ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም፤ ብዙዎች 50 ፍሬ አካባቢ ያሰምሩበታል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን 51 ፍሬ ስላለው ድንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ሽሮ በልተን ሆዳችን ፕሮቲኑን ሲፈጭም መንገድ ላይ የሚገኘው ይኸው ቁራጭ ነው። ስለዚህ ፔፕታይድ የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። «እንክብል» እንደማለት ነው፤ የምን እንክብል?

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ቆዳችን ራሱ ፀሐይን የሚመክተው በፔፕታይድ መሆኑ ነው። ዩቪቢ የላይኛውን ሴል መትቶ ዲኤንኤውን ሲጎዳ ፒ53 የሚባለው ዘበኛ ፕሮቲን ይነቃና አንድ ረጅም ሰንሰለት ያሠራል። ሰንሰለቱ ተቆራርጦ ከውስጡ 13 ፍሬ ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ ስሙ አልፋ ኤምኤስኤች ነው። ይህ ቁራጭ ሜላኒን የሚባለውን የቆዳ ቀለም ወደሚያመርተው ጎረቤት ሴል ሄዶ ደጁን ያንኳኳል። ሁለት ነገር ይከተላል። አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ጥቁሩ ሜላኒን ተመርቶ ወደ ላይኞቹ ሴሎች ይላክና በየዲኤንኤያቸው አናት ላይ ይዘረጋል። «ጠቆርሽ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?» የምንባባለው ያኔ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙም አይወራለትም፦ ያው መልእክት በአምራቹ ሴል ውስጥ የፍቀቱን ሥራም ያፋጥነዋል። ጥላ ዘርግቶ መጽሐፉንም የሚያስጠግን አንድ ቁራጭ መልእክት ማለት ነው።

ይህ ሜላኒን የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በተደረገ ልኬት የጥቁር ሰዎች የላይኛው ቆዳ በሰንስክሪን (በፀሐይ መከላከያ ቅባት) መለኪያ ቢቆጠር በአማካይ 13 ገደማ፣ የነጮቹ 3 ገደማ ወጥቷል። እኛ ጠይም፣ ቀይ፣ ጥቁር የምንላቸው መልኮች በዚህ መሀል የተለያየ ቦታ ይይዛሉ። 13 ብዙ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ደጅ ለሚውል ሰው ሙሉ መከታ አይደለም። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ጥላ ጨርሶ የላቸውም ለማለት ይቻላል። በዚህች ከተማ ፀሐይ ሰንስክሪን ለእነሱ የውበት ዕቃ ሳይሆን መድኃኒት ነው።

አልፋ ኤምኤስኤች ቶሎ ይበጣጠሳል። በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከ13ቱ ፍሬዎች ሁለቱን ለወጡና ቶሎ የማይበጠስ፣ ደጁንም ጠንክሮ የሚያንኳኳ ወንድም ሠሩለት። አፋሜላኖታይድ ይባላል። አውሮፓ በ2014፣ አሜሪካ በ2019 ፈቅደውታል። ፀሐይ ለምትከብደው ሁሉ ግን አልተፈቀደም፤ ብርሃን ሲነካቸው ቆዳቸው እሳት እንደነካው የሚያማቸው አንድ የደም ቀለም አሠራር ችግር ያለባቸው ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ ነው። እነሱንም የሚያሠቃያቸው በአመዛኙ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ነው። መድኃኒቱ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ 16 ሚሊግራም የያዘች እንክብል ሆና በየሁለት ወሩ በሐኪም እጅ ከቆዳ ሥር ትቀበራለች። በኢንተርኔት «ሜላኖታን» እየተባለ የሚሸጠው መርፌ ከእሷ ጋር ስም ይጋራል እንጂ ፈቃድ የለውም፤ የወጉት ሰዎች ማጥወልወልና «ማርያም የሳመችው» የምንለው ጥቁር ነጥብ መቀየር አጋጥሟቸዋል።

ስለዚህ ፔፕታይድ ከብርሃን ሊከላከል ይችላል ወይ ሲባል፣ አዎ፣ ሐኪም ቤት ድረስ የደረሰ አንድ ምሳሌ አለ። የገባው ግን ከውስጥ ነው። ክሬም አይደለም።

የጠርሙሶቹ ፔፕታይዶች ሌሎች ናቸው። የፒያሳዋ ሰማያዊ ቀለሟን ያገኘችው ከመዳብ መሆን አለበት። ግላይሲን፣ ሂስቲዲንና ላይሲን የሚባሉ ሦስት ፍሬዎች ሲሰኩ መዳብን እንደ ጣት አቅፎ የሚይዝ ቁራጭ ይሆናሉ፤ ሎረን ፒካርት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሰው ደም ያገኘው ነው። ሌላዋ ታዋቂ አምስት ፍሬ ያላት የኮላጅን ቁራጭ ናት። ሐሳቡ ብልህነት አለበት፦ ሴሉ የኮላጅን ስብርባሪ ሲያይ «ገመዱ ተበጥሷል» ብሎ አዲስ መፍተል ይጀምራል፤ እኛ ስብርባሪውን ብቻ ሰጥተን ብናታልለውስ? ነው ነገሩ። እነዚህ ሁለቱ ከተሰበረ በኋላ የሚመጡ ጠጋኞች ናቸው።

የተቆጣውን ኦክስጅን የሚያበርዱም አሉ። በሴሎቻችን ውስጥ በብዛት ያለው ግሉታታዮን ባለ ሦስት ፍሬ ነው፤ ኤሌክትሮን ከሚፈልገው ጋር ከመጣላት ይልቅ የራሱን ሰጥቶ ይሸኘዋል። ካርኖሲን ባለ ሁለት ፍሬ ነው፤ አንድ የሩሲያ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1900 ከሥጋ ያወጣው። ክትፎ የበላ ሰው ካርኖሲን በልቷል፤ ደሙ ውስጥ የሚጠብቀው ኢንዛይም ግን ወዲያው ይበጥሰዋልና ክትፎ ሰንስክሪን አይሆንም። (አክስቴ ይህን ስትሰማ አዘነች።)

ከእነዚህ ሁሉ አሁን የቤተ ሙከራ ሰዎችን የሚያጓጓው ሦስተኛው መንገድ ነው። ሴሉ ውስጥ ኤንአርኤፍ2 የሚባል አዛዥ አለ፤ ተነሥቶ ወደ መጽሐፉ ክፍል ከገባ የመከላከያ ምዕራፎችን ሁሉ ያስከፍታል፤ ግሉታታዮንም በብዛት ያሠራል። በሰላም ጊዜ ኪፕ1 የሚባል ጠባቂ ይዞት ለጥፋት ይሰጠዋል። አንዳንድ ትንንሽ ፔፕታይዶች ሄደው ጠባቂው አዛዡን በሚይዝበት እጅ ላይ ቁጭ ይላሉ። እጁ ተይዟል፣ አዛዡ ያመልጣል። ፔፕታይዱ ራሱ አይዋጋም፤ የሴሉን ጦር ያስነሣል። ከዓሣ ቆዳ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከወተት የተገኙ ብዙ ቁራጮች በዚህ መንገድ እየተፈተኑ ነው።

ፈተናው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ማስታወቂያ የሚዘለው እሱን ነው። አብዛኛው የሚሠራው ሃካት በሚባሉ ሴሎች ላይ ነው፤ ከአንድ ሰው ቆዳ ተወስደው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በየቤተ ሙከራው የሚራቡ ሴሎች ናቸው። ሳህን ላይ በአንድ ረድፍ ይነጠፋሉ፣ ፔፕታይዱ ይጨመርላቸዋል፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሌሊት ይነከራሉ፣ ከዚያ የዩቪቢ መብራት ይበራባቸዋል። በማግስቱ ቢጫ ቀለም ይጨመራል፤ በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። ሐምራዊው በበዛ ቁጥር የተረፈው ብዙ ነው ማለት ነው። ፔፕታይድ የጠጡት ሴሎች ካልጠጡት በላይ ሲተርፉ «ከጨረር ይከላከላል» ተብሎ ይጻፋል።

ሙከራው ውሸት የለበትም። ወጥመድ ግን አለበት። ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት ፍሬዎች ራሳቸው የዩቪቢን አንድ ክፍል ይውጣሉ፤ ፔፕታይዱ ሳይታጠብ መብራቱ ከበራ ሴሉን ያዳነው መልእክቱ ይሁን ውሃው ላይ የሠራው ጥላ አይለይም። ጥንቁቅ ተመራማሪ መጀመሪያ ያጥባል። ዋናው ልዩነት ግን ይኸኛው ነው፦ ሳህን ላይ ያለው ሴል ራቁቱን ነው። የአክስቴ ጉንጭ ራቁቱን አይደለም።

የቆዳችን የመጨረሻው ሽፋን ከሞቱ ሴሎች የተነባበረ ነው፤ በየመሀሉ ቅባት አለ። እንጀራ በእንጀራ ላይ ተነባብሮ በየመሀሉ ቅቤ እንደተቀባ አስቡት። ፔፕታይድ ውሃ ይወዳል፤ ቅቤውን ማለፍ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የቆዳ ተመራማሪዎች አንድ የልምድ ሕግ ጻፉ፦ ክብደቱ ከ500 ዳልተን የበለጠ ሞለኪውል ጤናማ ቆዳን አያልፍም ለማለት ይቻላል። አንድ አሚኖ አሲድ በአማካይ 110 ዳልተን ነው። አራት ወይም አምስት ፍሬ ስንሰካ አጥሩ ላይ ደረስን። የመዳቧ ባለ ሦስት ፍሬ መዳቡ ሳይቆጠር 340 ገደማ ስለሆነች በክብደት ታልፋለች፤ ባለ አምስቷ የኮላጅን ቁራጭ 560 አልፋለች። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ የቅባት ጅራት የሚቀጥሉላት፦ 800 ትደርሳለች፣ ግን ቅቤውን ትወዳለች። ትንሽ ትንሽ ይገባል። ቆዳው ውስጥም የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይጠብቋታል። አልፎ የደረሰው ሳህኑ ላይ ከነበረው መጠን ጋር ይተካከላል ወይ የሚለውን የጠርሙሱ ወረቀት አይነግራችሁም።

ስለዚህ ሻጯ ልጅ የተሳሳተችው «አታስነካዎትም» ስትል ነው። ሰንስክሪን ጨረሩን ቆዳ ላይ ይዞ ያስቀረዋል፤ 30 የሚል ቁጥር ያለው በወጉ ከተቀባ ከዩቪቢ 97 በመቶውን ያስቀራል። ፔፕታይድ በጨረሩና በሴሉ መሀል አይቆምም። የሚደርሰው ከተመታ በኋላ ነው፤ ወይ ያበርዳል፣ ወይ ይጠግናል፣ ወይ ያስነሣል። በዚህም ምክንያት እንዲህ ያለ ቁጥር ሊጻፍበት አይችልም።

ከተመታ በኋላ መድረስ ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ሜላኒን ባላቸው ሴሎች ላይ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፦ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ጭለማ ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ ፊደላቱ መጣበቃቸውን ይቀጥላሉ። የተቆጣው ኦክስጅን ሜላኒኑን ይነካና ሜላኒኑ ጉልበቱን ወደ ዲኤንኤው ያሻግራል። አክስቴ ሸራዋን ጠቅልላ ታክሲ ስትሰለፍም ጉዳቱ አላለቀም ማለት ነው። ኦክስጅን የሚያበርድ ነገር ማታ መቀባት ትርጉም ሊኖረው የሚችለው እዚህ ጋ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ጉዳይ አለ። በዚያው ሱቅ፣ ከዚያው መደርደሪያ፣ ግሉታታዮን በክኒንም በክሬምም ይሸጣል። ለመከላከያነቱ አይደለም፣ ለመቅላት ነው። አንዳንድ ቦታ በመርፌም ይሰጣል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቆዳ ለማንጣት የፈቀደው አንድም መርፌ የለም። ግሉታታዮን የሜላኒኑን አሠራር ከጥቁሩ ወደ ቀይ ቢጫው ያዘነብለዋል ይባላል። የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጨረር የሚመክተው ጥቁሩ ሲሆን ቀይ ቢጫው ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኦክስጅን ያስቆጣል። በ9 ዲግሪና በ2,300 ሜትር ላይ ቆሞ የተፈጥሮን ጥላ ገንዘብ ከፍሎ ማስነሣት ነው።

አክስቴ እስከዚህ ሰምታ ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ለማድያቴ ምን ልግዛ?» ማድያትን ዓይናችን የሚያየው ብርሃንም ያባብሰዋል፤ ነጩ ሰንስክሪን ያን ብርሃን ብዙም አያቆመውም። የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይሻላታል። ለፊትና ለአንገት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ውጭ እስከዋለች ድረስ በየሁለት ሰዓቱ። የጠርሙሷ ገንዘብ ከተረፈ ፔፕታይዱ ለማታ። እሱንም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚመታው መስታወት ሳይሆን ከጨለማው መደርደሪያ የመጣውን፤ ብርሃንና ሙቀት ጠርሙሱ ውስጥ ያለውንም ያበላሹታል።

«በየሁለት ሰዓቱ?» አለች። «ደንበኛ ትቼ ፊቴን ስቀባ ልዋል?»

ልክ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 23 የእጅ ጃንጥላዎችን ለክቶ ነበር፤ ሁሉም ቢያንስ 77 በመቶውን ጨረር አስቀሩ፤ ጥቁሮቹ ቢያንስ 90። ከአስፋልቱና ከሰማዩ ተንጸባርቆ በጎን የሚገባው ይቀራል፣ ግን በየሁለት ሰዓቱ አይታደስም። አክስቴ ቀና ብላ በማስታወቂያ የተገኘችውን የሳሳች ቢጫ ጃንጥላዋን አየች። ብርሃኑ በጨርቁ አልፎ መጻሕፍቱ ላይ ወርዷል።

«ጥቁሩ ስንት ይሸጣል?» አለችኝ።